የእማማ ወለተሥላሴ ጽጌረዳ እና የእኔ ዓይን

ለእህቴ ለቲቸር ጂቱ ዋቅጅራ፣
አሶሳ።

ጂቱዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? የአሶሳ ሙቀት ትንሽ አልበረደም? ወባ ነክቶሻል ወይስ ፈርቶሽ አልፏል? እኔ ወባ ብሆን አንቺን አልጠጋም፤ ስትቆጪ አውቅሻለሁ። ተማሪዎችሽ ደህና ናቸው? የምታንበረክኪያቸውም የማታንበረክኪያቸውም? አከራይሽ ሴትዮ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ ጌታ ይመስገን አለን። እማዬ አለች፣ አባዬ አለ፣ ድመቷም አለች፣ በሩ አልዘጋ ያለው ሽንት ቤታችንም እንደተከፈተ አለ። «ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት እንዳይሆንብኝ ተውኩት። ጎድሎብናል። የተቀመጥኩትም እሱን ልነግርሽ ነው።

ደብዳቤሽ በኢቲቻ እጅ ደርሶኛል። ይሄ የአክስታችን ልጅ የአውቶቡስ ረዳት ሆኖ አፉም እንደ አውቶቡሱ በር ሆኗል፤ አዲስ አበባ ላይ አንዴ ከተከፈተ እስከ አሶሳ አይዘጋም። በሁለተኛው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምረሽ፣ ሰፈሩ በሙሉ ፊልሞና ቡዳ ነው ይላል የሚባለው ምንድን ነው፣ እማዬስ በእሱ ምክንያት ችግኝ መሸጥ አቆመች የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። በቀይ ማስመርሽን ሳይ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ጥያቄ መሆኑ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

መልሱ፣ አዎ፣ ብለውኛል። እማዬም ወደ አንድ ወር ገደማ አንድ ጣሳ አልሸጠችም። ነገሩን ግን እኔም በደንብ አልገባኝም፤ ግማሹ ገብቶኛል፣ ግማሹ ከአሥረኛ ክፍል ፈተና ይብስብኛል። ስለዚህ እንደሆነው እንደሆነው እጽፍልሻለሁ፣ አንቺ ሳይንስ አስተማሪ ነሽ፣ ቦታ ቦታውን አስይዢው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከቀበና ድልድይ ወደ እኛ የሚያወጣውን መንገድ ቆፈሩት። ቆፍረው ሄዱ። አቧራ ታውቂያለሽ? አታውቂም። በአንድ ሳምንት ውስጥ እማዬ ከአጥሩ ሥር የደረደረቻቸው ችግኞች፣ ጽጌረዳው፣ ፈርኑ፣ ሐረጉ፣ ሁሉም ሽሮ የተነፋባቸው መሰሉ። ገዢ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ነው የሚወደው። እማዬ ከአሮጌ አንሶላ ቀድዳ አንድ ጨርቅ ሰጠችኝና፣ ሥራ የለህም፣ ቅጠል ወልውል አለችኝ። እኔም ጨርቁን እያረጠብኩ ቅጠል በቅጠል፣ ላዩንም ሥሩንም ወለወልኩ። ጂቱ ሙቺ፣ እንዳዲስ ነው የሆኑት። መኪና ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ እየቆሙ ይገዙ ጀመር።

ከዚያ ስሜ ወጣ። ሲግናል ሰፈር ጸጉር ቤት ያላቸው እትዬ የሺመቤት (ለምረቃሽ ጸጉርሽን ተኩሰውልሽ ሁለት ሳምንት ሻሽ ያስጠመጠሙሽ፣ እሳቸው) ችግኝ ሊገዙ መጥተው አዩኝና፣ እኔም ቤት ብዙ ተክል አለኝ፣ መጥተህ ብትወለውልልኝ አሉኝ። ሄድኩ። ግን እንዲሁ አልሄድኩም። ከኮሌጅ የተረፈውን ነጭ ጋዋንሽን ለበስኩ። አትቆጪ፣ ታጥቧል። ደረቴ ላይ እስክሪብቶ ሰካሁ፤ ስገባም «ዛሬ የሚያመው ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ዶክተር ፊልሞና» ሆንኩ። በሳምንት ሁለቴ ሲግናል እሄዳለሁ፣ ስመለስ የእማማ ወለተሥላሴን ግቢ እወለውላለሁ፣ ቀጥሎ ከታች ያሉትን ሦስት ቤቶች፣ በመጨረሻ የራሳችንን። ሻይ በዳቦ የማይሰጠኝ ቤት የለም። አባዬ እንኳን፣ ይሄ ልጅ ሰው ሊሆን ነው መሰል ብሎ በጸሎት ላይ ስሜን ለየት አድርጎ ጠራው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ የዞረብኝ። ከገና በኋላ መሆኑ ነው፣ እትዬ የሺመቤት ጋ መስታወቱን የከበበው ሐረግ ቅጠሉ በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ መሰለ። ነጣ ነጣ ያለ ነጥብ ብቻ። ከርቀት ስታዪው የደበዘዘ ይመስላል፣ ቀረብ ስትዪ ነጥብ ነው። ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ዝገት መሰለና ረገፈ። ቅጠሉና ግንዱ በሚገናኙበት ደግሞ በጣም ስስ የሆነ ድር አለ፣ ጸሐይ ካልመታው አይታይም። ድር ካለ ሸረሪት አለ አልኩ። መጥረጊያ ይዤ የጸጉር ቤቱን ሸረሪት አንድ ሳላስቀር ጨረስኩ። ድሩ ባሰበት። በሳምንቱ የእማማ ወለተሥላሴ ጽጌረዳ ጀመረው።

ያንን ጽጌረዳ ታውቂዋለሽ፤ በራቸውን ሙሉ የሸፈነው፣ ሰው ለታክሲ ረዳት «ጽጌረዳው ቤት ጋ ወራጅ» የሚልበት። እማማ እንጦጦ ራጉኤል ሊሳለሙ ሄደው ሲመለሱ በሩ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ጠበቃቸው። እኔ ግቢያችን በር ላይ ቆሜ ነበር። ልጄ ምን ነካብኝ ይሄን ነገር አሉኝ። ጂቱ፣ አፌን ታውቂዋለሽ። ደህና ነገር መናገር ስችል፣ «እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ! ትናንት ‹ወይ ማማር!› ብዬ ትኩር ብዬ አይቼው ነበር፤ ዓይኔ አያድርስ ነው» አልኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። መሬቱ ላይ ቱፍ፣ ቱፍ አሉና በሩን ዘጉት። በማግስቱ ጽጌረዳው ላይ አሮጌ ጫማ ተንጠልጥሎ አገኘሁ፣ ዓይን ጫማው ላይ እንዲያርፍ። እኔም ብቻውን እንዳይሆን ብዬ፣ ማታ ሹልክ ብዬ ሁለተኛውን ጫማ ከአጠገቡ ሰቀልኩት። የራሴን የኳስ ጫማ። ቆይቼ ሳስበው ያ ቀልድ ፊርማዬን እንደማስቀመጥ ነበር።

ከዚያማ ተከታተለ። ከታች ያሉት ሦስት ቤቶች በተራ በተራ፣ አንዱ ፎሶሊያው፣ አንዱ ቲማቲሙ፣ አንዱ ሳሎን ያለው ሐረግ። ሰው ቁጭ ብሎ አሰላው፤ ፊልሞና የገባበት ቤት ይደርቃል፣ ፊልሞና ያልገባበት ቤት ደህና ነው። ጂቱ፣ እኔም ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ልክ ነው! ሒሳብ አልችልም ትይኝ የለ፣ ይሄኛው ግን እንዴትም ባሰላው ያው ይመጣል። አንድ ያልገባሁበት ቤት ደርቆ ባገኝ ብዬ ሰፈሩን እስከ ሾላ ድረስ ዞርኩት። የለም።

ፍሊት ገዛሁ። የዝንቡን። ሁሉንም በየተራ ነፋሁባቸው፣ እኔም አሳለኝ፣ ድመቷም አስነጠሳት። ሦስት ቀን የተሻለው መሰለ። በሳምንቱ ከበፊቱ እጥፍ ሆነ። መድኃኒት ሲበዛ በሽታ ሲበዛ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ግን በዓይኔ አየሁ። ዓይኔ አልኩሽ ደግሞ።

ጀለሶቼ መጀመሪያ ሙድ ነው የያዙበት። ቅዳሜ ቀበና ሜዳ ግጥሚያ ነበረን፤ በሌላኛው ጎል ጀርባ አቁመው በረኛውን እየው አሉኝ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። «እንዴት ያለ በረኛ ነው!» እያልኩ ጭምር። ሦስት ለባዶ ተሸነፍን፣ በረኛው አንድ ጊዜ እንኳን አልተንሸራተተም። ያን ለታ በጣም ደስ አለኝ። በሽንፈት የተደሰትኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን ማንም ይሄን እንደ ማስረጃ አልቆጠረልኝም።

ቀልዱ ያበቃው እማማ ወለተሥላሴ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው በር ላይ ሲቆሙ ነው። እኔ ሳልፍ የሕጻኑን ፊት በነጠላ ሸፈኑት። ቶሎ ብለው። አልሰደቡኝ፣ አልተቆጡኝ፤ እንዲያውም «እንደምን ዋልክ ልጄ» አሉኝ እየሸፈኑ። የእማዬም ገዢዎች እንደዚያው ናቸው፤ ይመጣሉ፣ ጣሳውን ያነሳሉ፣ እኔን ያያሉ፣ መልሰው ያስቀምጡና «በኋላ እመለሳለሁ» ይላሉ። አንድም የተመለሰ የለም። ለአባዬ ነገርኩት። ከጥበቃ ሥራው ደክሞት ገብቶ ነበር። «ያ ሙጫ» አለኝ፣ እንደ ሕጻን ልጅ በኦሮምኛ እየጠራኝ፣ «ጌታ ባለበት ቤት ቡዳ የሚባል ነገር የለም።» ተጽናናሁ። ትንሽ ቆየና ካፖርቱን እየሰቀለ፣ «ለማንኛውም ግን ሰው ፊት ‹አቤት ማማሩ› አትበል» አለኝ። ታዲያ አለ ወይስ የለም? እስካሁን አልመለሰልኝም።

አንድ ማለዳ ደግሞ ስነሳ የእማዬ ደህና ደህና ጣሳዎች ከአጥሩ ሥር የሉም። ከኩሽናው ጀርባ ወስዳቸዋለች። ምነው ስላት፣ ጸሐይ እንዳይመታብኝ ነው አለችኝ። ጂቱ፣ ከኩሽናው ጀርባ እኮ ነው ጸሐዩ። ልብስ የምናሰጣው እዚያ አይደል? ዓይኗን አላየሁትም፤ እሷም የኔን አላየችውም። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ እኔ ምሳ ሳልበላ ቀርቼ አታውቂም።

እንግዲያው ልፈትሽ አልኩ። እውነት ዓይኔ ከሆነ ልወቀው፣ ጥቁር መነጽር ገዝቼ እኖራለሁ። ገና ከመሬት የወጡ ሁለት ፎሶሊያዎች በሁለት ጣሳ ወሰድኩ። አንዱን ሽንት ቤቱ ጀርባ አስቀምጬ ጠዋትና ማታ እየሄድኩ አፈጠጥኩበት። «አንተ ፎሶሊያ፣ ውበትህ ገደለኝ፣ ቅጠልህ እንዴት ያምራል፣ እኔ በሆንኩ» እያልኩ የማውቀውን ምቀኝነት ሁሉ አወረድኩበት። ነክቶት ነው ማለት ግን እንዳይችሉ፣ ጣቴን አላስጠጋሁም፤ ውሃ ብቻ ከሩቅ። ሁለተኛውን አልጋዬ አጠገብ መስኮት ላይ አኖርኩት። እሱን ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የማጠጣው። ችላ ብሎ አደረቀው እንዳልባል ደግሞ በየቀኑ ዓይኔን ጨፍኜ በጨርቄ ወለወልኩት፣ እንደ ልዑል ነው የያዝኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያፈጠጥኩበት ፎሶሊያ ክንዴን ሊጠመጠምብኝ ደረሰ። ያላየሁት፣ የተንከባከብኩት፣ ልዑሉ፣ ነጥብ በነጥብ ሆኖ ድር ለብሷል።

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቱንም ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ አየኋቸው። ዓይኔ ያፋፋል ማለት ነው? ወይስ ባለማየት ነው የምገድለው? የማልወደውን ነገር ዓይቼ አውቃለሁ፣ የምወደውን ግን… ብቻ ራሴን አመመኝ። በመጨረሻ የታመመውን ቅጠል ቆርጬ፣ ጨርቄን በኪሴ ይዤ፣ ሲግናል ሰዓት ሠሪው ጋሽ ፍሥሐ ጋ ሄድኩ። ለምን እሳቸው ጋ እንደሄድኩ አትጠይቂኝ፤ ዓይናቸው ላይ የሚሰኩት ያ ማጉያ መነጽር አለ፣ ድሮ በእሱ ጉንዳን አሳይተው አስፈራርተውኝ ያውቃሉ። ቅጠሉን ገልብጠው አዩትና መነጽሩን ነቅለው ሰጡኝ። «ና፣ ከተማ ላሳይህ» አሉኝ።

ጂቱ፣ ከተማ ነው! በቅጠሉ ሥር፣ ከአሸዋ የሚያንሱ ነገሮች ይራመዳሉ። እግራቸው ስምንት ነው፤ ቆጠርኩት፣ ሦስቴ። ጀርባቸው ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር ጠብታ አለ። እንቁላላቸው እንደ ዶቃ ክብ ነው፣ የሚያንጸባርቅ። ጋሽ ፍሥሐ ቅጠሉን በነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ አደረጉት፤ አቧራ ወደቀ። አቧራው ተነስቶ ሄደ! በጣታቸው ሲጫኑት ወረቀቱ ላይ ቀላ ያለ መስመር ቀረ። ቅጠሉን የሚመጥጡት እነሱ ናቸው። ከዚያ «ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ። ጨርቄን ሰጠኋቸው። መነጽሩን ሰክተው አዩትና መሳቅ ጀመሩ፣ መነጽራቸው እስኪወድቅ። «አንተ ልጅ፣ ታክሲ ሆነህላቸዋል! ከሲግናል ቀበና ሙሉ ጭነት፣ በየቤቱ እያወረድክ!» አሉኝ።

እኔ አልሳቅኩም። ጨርቁ ላይ ይሄዱ ነበር። ከእትዬ የሺመቤት ሐረግ ላይ አንስቼ፣ ርጥብ አድርጌ፣ ጋዋን ለብሼ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ በየቤቱ ያዳረስኳቸው እኔው ነኝ። ዓይኔ ምንም አላደረገም። ቅጠል አሳመርኩ ያልኩበት እጄ ነው።

ቤት ሳልመለስ በእግሬ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ሽቅብ ወጣሁ፤ ከጫካው ግርጌ የችግኝ ጣቢያ አለ፣ ኢፍቱ የምትባል ልጅ ትሠራበታለች። (አትጀምሪ። ተክል ብቻ ነው ያወራነው። ስምሽን ግን ነግሬያታለሁ።) ቅጠሉን ገና በሩቅ ስታየው አወቀችው። ሸረሪት አይደለም፣ የሸረሪት ዘመድ ነው አለችኝ። አቧራና ደረቅ አየር ነው የሚመቸው፤ መንገዱ ሲቆፈር ሠርግ ነው የሆነለት። ፍሊት ነፋሁ ስላት ግንባሯን ያዘች። እሱ እነሱን ብዙም አይጎዳም፣ የሚበሏቸውን ትንንሽ ጥንዚዛዎች ነው የሚፈጀው፣ ጠላታቸውን ገደልክላቸው አለች። ሸረሪቶቹንም ጨረስኩ ብዬ አልነገርኳትም፤ ለአንድ ቀን የሰማሁት ይበቃኛል። መድኃኒቱ ምንድን ነው ስላት፣ ውሃ አለችኝ። ውሃ! ጠዋት ጸሐይ ሳይጠነክር፣ ከቅጠሉ ሥር ወደ ላይ፣ በኃይል፤ በጣም የተያዘውን ትንሽ የልብስ ሳሙና በተበጠበጠበት ውሃ። በአምስት ቀኑ ደግሞ እንደገና፣ ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ፤ ምክንያቱም ውሃው ትልልቁን ቢወስድ እንቁላሉ ተጣብቆ ይቀርና ይፈለፈላል። አንዴ አጥቦ ተሻለው ብሎ መተው ነው ሰውን የሚያታልለው አለች። የታመመውን ከደህናው መለየት፣ ያለቀለትን ቅርንጫፍ ቆርጦ ማቃጠል፣ ጨርቁን መጣል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ እጅህን መታጠብ። ይሄ ብቻ? ብላት፣ ይሄ ብቻ፣ ግን ሰነፍ አይችለውም አለችኝ። ከላይ እስከ ታች አይታኝ ነው ያለችው።

አሁን ደግሞ አዲስ ችግር መጣ። መናገር አለብኝ ወይስ የለብኝም? ዝም ካልኩ ቡዳ ሆኜ እቀራለሁ፣ እማዬም አትሸጥም፣ ተክሉም ያልቃል። ከተናገርኩ ደግሞ… ብቻ እሑድ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ከየአምልኮው ሲመለስ፣ ጋሽ ፍሥሐን ለምኜ መነጽራቸውን አስይዤ አመጣኋቸው። እማማ ወለተሥላሴ በር ላይ፣ ከጽጌረዳው ሥር፣ አምስቱም ቤት ተሰበሰበ፤ እትዬ የሺመቤት ሳይቀሩ ከሲግናል መጡ። ሁሉም በተራ አዩ። እትዬ የሺመቤት ጮኹ። እማማ በመጨረሻ አዩ፣ ከሁሉም በላይ ቆዩ፣ ቀና ሲሉ «ይሄ ሁሉ ሠራዊት በኔ በር ላይ? ማነው ያመጣብኝ?» አሉ። በፌስታል አስሬ የያዝኩትን ጨርቅ ከፍ አደረግኩትና፣ «እኔ ነኝ፣ በዚህ ነው» አልኩ። በሕይወቴ ያለ ቀልድ የተናገርኩት ረጅሙ ነገር ይሄ ይመስለኛል።

«ይቅር ብለንሃል» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቡዳ አይደለሁማ! እማማ ወለተሥላሴ ግን አንድ ወር ሙሉ ያላሳዩኝን ቁጣ አወጡት። «ዓይንህ ቢሆን እኮ ምን አደርግሃለሁ? ሳትፈልግ የተሰጠህ ነው ብዬ ሳዝንልህ ነው የከረምኩት፣ ራጉኤልም ሄጄ ስላንተ ለምኛለሁ! ይሄንን ግን በእጅህ ይዘህ፣ በእግርህ መጥተህ፣ በሬን አንኳኩተህ ነው ያስገባህብኝ! ሻይም አጠጥቼሃለሁ!» አሉኝ። ሌሎቹም ቀጠሉ። ገባሽ ጂቱ? ጥፋት የሌለብኝ ጊዜ ፈሩኝ ግን አዘኑልኝ፤ እውነቱን ስናገር መፍራቱን ትተው ተናደዱብኝ። የትኛው እንደሚሻል አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ግራ ገብቶኛል።

ያን ጊዜ ነው እማዬ ከኋላ መጥታ ጨርቁን ከእጄ የወሰደችው። «ጨርቁን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «ወልውል ያልኩትም እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ ታዞኝ የሠራው የመጀመሪያ ሥራ ነው፣ አሁን በእሱ ብትቀጡት ሁለተኛ አይታዘዘኝም።» ሰው ሳቀ። እኔ ግን፣ ጋሽ ፍሥሐ ባያዩኝ ኖሮ… ይቅር። የዚያኑ ዕለት ደህናዎቹን ጣሳዎች ከኩሽናው ጀርባ አውጥታ አጥሩ ሥር መለሰቻቸው። የታመሙትን ነው አሁን እዚያ የወሰደችው። ማሸከሙን እኔን ነው ያሸከመችኝ።

ፍርዱ እንግዲህ ይሄ ነው፤ አምስቱን ቤት፣ እያንዳንዱን ቅጠል፣ በየአምስት ቀኑ እኔ አጥባለሁ፣ ድሩ እስኪጠፋ። ቧንቧ በሦስት ቀን አንዴ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፤ በጀሪካን ነው የማመላልሰው። የሃይላንድ ላስቲክ ክዳኑን በሚስማር በስቼ፣ ጨምቄ ከሥር እረጫለሁ፣ በጣቴም ቀስ ብዬ አሻለሁ። ጋዋንሽን አልለበስኩም። ሁለት ዙር ጨርሻለሁ። የእትዬ የሺመቤት ሐረግ አዲስ ቅጠል አወጣ። የታችኛው ቤት ቲማቲም አልተረፈም፣ አቃጠልነው። የእኛ አንዱ ፈርን ደግሞ ስታጠቢው እየባሰበት ሄደ፣ ለምን እንደሆነ ኢፍቱም አላወቀችውም። ትናንት አንዲት ሴትዮ ከእማዬ ሁለት ጽጌረዳ ገዙ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እያለ፤ ምናልባት ለሰፈሩ እንግዳ ስለሆኑ ይሆናል።

እማማ ወለተሥላሴ ግን አንድ ነገር አዘዙ። ጨርቁ ነው ብለሃል፣ እሺ አሉ፣ ለጥንቃቄ ግን ዓይንህን ጨፍነህ እጠብልኝ። መነጽሩን አይተዋል፣ ስምንቱን እግር ቆጥረዋል፣ ቢሆንም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር መሰላል ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በዳበሳ አጠብኩ። እሾኹ የጣቶቼን ነገር ጨርሶታል፤ ጽሕፈቴ እንዲህ የተንጋደደው ለዚያ ነው፣ ሌላ ጊዜ ግን እንደምታውቂው ነው። ሁለተኛው ዙር ዛሬ ጠዋት ነበር። እሳቸው ሕጻኑን ታቅፈው ከሥሬ ቆመው ይቆጣጠሩኛል። ስዳብስ አንድ ያበጠ እምቡጥ፣ ሊፈነዳ የደረሰ፣ ቀጭ አለና በእጄ ቀረ። ቅርንጫፉንም መላጨት ጀምሬ ነበር መሰለኝ። «ኧረ ይሄ ልጅ!» ብለው ጮኹ እማማ። «ዓይንህን ግለጥ! አይተህ እጠብ እንጂ፣ በር አልባ ልታስቀረኝ ነው እንዴ!»

አመኑኝ ማለት ነው? ወይስ ጽጌረዳው ከዓይኔ ስለበለጠባቸው ነው? አላውቅም ጂቱ፣ አልጠየቅኳቸውም። ዓይኔን ገለጥኩ። ቅጠሉን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ፣ ሕጻኑንም አየሁት፤ ፊቱ አልተሸፈነም፣ አፍጥጦ ያየኛል። ከዚያ ማጠቤን ቀጠልኩ።

እማዬ በጣም በጣም ሰላም ብላሻለች፤ በቅጠሉ ሥር ውሃ ርጪ ብላሻለች፣ ተክል ባይኖርሽም። አባዬ፣ ጸሎትሽን እንዳታቋርጪ፣ ያልፈላ ውሃም እንዳትጠጪ ይላል፤ ቅደም ተከተሉን እሱ ነው ያወጣው። ጋሽ ፍሥሐ ሰዓትሽ ከቆመ በኢቲቻ ላኪው ብለዋል። እትዬ የሺመቤት ጸጉርሽን ጠይቀዋል፤ ደህና ነው በያቸው። እማማ ወለተሥላሴ ከነልጅ ልጃቸው ሰላም ይሉሻል። ኢፍቱ ሰላም አላለችሽም፣ እኔ ግን እንዳለች አድርጌ ጽፌያለሁ። ለአከራይሽ ሴትዮ፣ ለተማሪዎችሽ፣ በተለይ ለሰነፎቹ፣ ከልብ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለኢቲቻ ይሄን ደብዳቤ አሽጌ ነው የሰጠሁት፤ ተከፍቶ ከደረሰሽ ጻፊልኝ።

የሚወድሽ፣ የሚያናድድሽም ወንድምሽ
ፊልሞና ዋቅጅራ

የካ፣ ቀበና፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 17 ቀን 1996 ዓ.ም.